አውራ ጣትሽ ያረፈበት

ይድረስ ለእናቴ፤ ሐይቁ ዳር።

እንዴት ከረምሽ እማዬ? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ዓይንሽስ፣ ወገብሽስ? ቀይዋ ላም ወለደች ወይስ እስካሁን ታስጠብቅሻለች? ወንድሜና ሚስቱ ጉልባራ፣ ልጆቹ፣ ያ ሥራ ፈት ውሻም ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ? ደብዳቤ ሲጻፍ «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔም እንደ ወጉ እንደዚያ ልል ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ግን ደህና ብሆን ኖሮ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ድረስ ምን ልሠራ መጣሁ? ደህና አይደለሁም እማዬ። አለሁ ግን።

«ስልክ ሞልቶ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኩ ያንቺ ነው፤ ጆሮው ግን የጉልባራ ነው። «እማማ በደንብ አይሰማትም» እያለች ድምፁን ትለቀውና፣ እኔ እዚህ ባስነጥስ ጎረቤትሽ እዚያ «ይማርሽ» ይላል። ስለዚህ ይህን የሚያደርስልሽ የሚኒባሱ ሹፌር ነው። ፖስታው ትልቅ የሆነው ፎቶ ስላለበት ነው፤ እንዳታጥፊው። መነጽርሽን ያዢና ወደ በረት ሂጂ፤ ላሞች ወሬ አያወጡም። ብቻሽን አንብቢው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ጉልባራ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ «የሣር ድርቆሽ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ ባሏ ብቻውን ነው፤ ላሞቹን የሚያልብለት የለም። እግሩን የማያመው ማን አለ? እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ እግሬን እያመመኝ አልኖርኩም? ሞትኩ? ትመለስ» ብለሻል። ጉልባራ ጨው ጨምራበት ይሆናል፤ «ሞትኩ?» የምትለዋ ግን ያንቺ ናት። ልጆች ሆነን ጉንፋን ሲይዘን፣ እሾህ ሲወጋን የምትጠቅሽልን ያንን ግራ እግርሽን ነበር። «እኔ በልጅነቴ ከፖም ዛፍ ወድቄ ትንፍሽ አላልኩም፤ አንቺ ለእሾህ ታለቅሻለሽ!» ስትይኝ አፍሬ እንባዬን እውጥ ነበር። ዝም ማለትን የተማርኩት ከዚያ እግርሽ ነው።

ኩባት ዓርብ አንቺ ዘንድ እንደሚመጣም ሰምቻለሁ። ባሌን አውቀዋለሁ። በግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጅሽን መልሺልኝ» ሊልሽ ነው። እሱ ሳይደርስ የእኔ ቃል ይድረስሽ ብዬ ነው እንዲህ የምጣደፈው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ እሱን አስቀድሜ ልበለውና ይቅለለኝ። እግሬን ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መርገጥ አይፈቀድልኝም። ያን ጊዜ የምተኛው አንቺ ቤት ይሁን። አስገቢኝ እማዬ። «የባሏ ቤት ምን ሆነ?» ትይኝ ይሆናል። እሱን ነው የምነግርሽ።

ሐኪም ቤት የወሰደችኝ የልጅ ልጅሽ ቤጊማይ ናት። እዚህ መምህርነት ትማራለች ይባላል እንጂ የተፈጠረችውስ ለወታደርነት ነው። ልጠይቃት መጥቼ ከአውቶቡሱ ስወርድ፣ ያው እንደማደርገው ብረቱን ይዤ፣ በጎኔ፣ አንዱን እግር አስቀድሜ ሌላውን እያስከተልኩ ወረድኩ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማዬ፣ እንዲህ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለችኝ። አስቢው፣ እጄ ላይ ያደገች ልጅ! ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ስታየኝ ኖራ፣ ከተማ ገብታ ስትመለከተኝ ነው ገና ያየችኝ። «ሲበርድ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ፤ ይለቀኛል» አልኳት። «ሰው በሙቀት እየቀለጠ ነው እኮ!» አለችና በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

የአጥንት ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው። «እንዴት ተጎዱ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ቤጊማይ ቀደመችኝ። «ከአባቴ ፈረስ ላይ ወድቃ ነው፤ የሠርጋቸው ቀን!» አለችው፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ የማያውቀውም የለም። በየድግሱ ኩባት ሁለት ጣሳ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ሞቅ ሲያደርገው ይጀምረዋል። «ሚስቴን ወደ ቤቴ ሳመጣት ከደስታዋ ብዛት ከፈረሱ ላይ ወደቀች!» ይላል። ሰው ይንጫጫል። «ኧረ የፈረሱን ስም ንገረን፤ እኛም እንግዛውና ለልጆቻችን ሚስት ያምጣ!» ይሉታል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። አብሬ ስቄም አውቃለሁ። አንቺ ብቻ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም፤ እናቴ የቀልድ ሰው አይደለችም ብዬ ነው ያለፍኩት።

እንግዲህ ሐኪሙም «ከፈረስ መውደቅ» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ራጅ አነሡኝ፤ ቆሜም፣ በጎኔም፣ እግሬን ገደድ አድርጌም። አየውና፣ «አጥንቱ ደህና ነው፤ መገጣጠሚያው ትንሽ ጠበብ ብሏል፤ የዕድሜ ነው» አለ። ያኔ በሙሽርነቴም ወረዳው ሐኪም ቤት ወስደውኝ፣ አማቴ ስለ እኔ እየመለሰች፣ «ስብራት የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ቀጥሎ፣ «እግርዎ እርካቡ ውስጥ ቀርቶ ተጠምዝዞ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ጅማት ነው የሚጎዳው» ብሎ ወደ አልትራሳውንድ ላከኝ። የምታነሣዋ ሴትዮ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ ቁርጭምጭሚቴን ዙሪያውን ዳሰሰችውና፣ «እንዴ! ይሄ የኮረዳ ጅማት ነው፤ ከፈለግሽ ዝለዪበት» አለችኝ። ዝለዪበት! ሰው ሳያውቅ የሚናገረው ነገር አንዳንዴ ሆድ ይበላል።

ወደ ልጁ ሐኪም ስንመለስ ወረቀቶቹን አገላብጦ ሲያበቃ፣ በትሕትና ነው ያለው፣ አልተቀየምኩትም፣ «አንዳንዴ ሕመም ልማድ ይሆናል እናቴ፤ የሚቀባ ነገር ልጻፍልዎ» አለኝ። ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እሱን አይደል? ቤጊማይ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «የእናቴ ልማድ ላም ማለብ ነው! ደረጃ በልማድ በጎኑ የሚወርድ ሰው አይተው ያውቃሉ?» ብላ ጮኸችበት። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየን። ልጁ ደንግጦ ነው መሰለኝ ኤም አር አይ እንድነሣ ጻፈልኝ።

ይሄ ማሽን ብረት አይወድም። የፀጉር ሽቦ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ሁሉንም አወለቅሁ። ነርሷ ጆሮዬን አይታ፣ «ጉትቻዎቹም» አለች። እማዬ፣ አማቴ ጆሮዬ ላይ ካደረገቻቸው ቀን ጀምሮ አውልቄያቸው አላውቅም። ቤጊማይን ሳምጥ እንኳ ጆሮዬ ላይ ነበሩ። መንጠቆው ሥጋዬን ለምዶ አልወጣ አለ። ነርሷ በሳሙና አሟልጫ አወጣችልኝና ቤጊማይ መሀረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። ጆሮዬ ቀለለኝ። እስካሁን ድረስ እጄ ሳላዘው ወደዚያ ይሄዳል።

ከዚያ አስተኝተው አስገቡኝ። ጩኸቱን አትጠይቂኝ፤ በቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ ሲወርድ በይው። «አትንቀሳቀሺ» ተብያለሁ። እሱንስ እችልበታለሁ።

ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጡናል ስንል፣ ፎቶዎቹን የምታነባቸው ሐኪም አስጠራችን። ዳሚራ ትባላለች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ናት። ነርሷ «እሷ ሰው አስጠርታ አታውቅም» አለችን። ዳሚራ በሩን ዘጋች፣ አስቀመጠችኝ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የራሴን እግር ከውስጥ አየሁት እማዬ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ይሄ ከቅልጥምሽ ሥር እንደ ኮርቻ የተቀመጠው አጥንት ነው» አለችኝ። «ሸክምሽን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። እዚህ ጠርዙ ላይ ልም አጥንቱ ከነሥሩ ተሰብሮ ገብቷል፤ ከሥሩም ጉድጓድ ሠርቷል። ይሄ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም።» ከዚያ ተረከዜን አሳየችኝ፤ ድሮ ተሰንጥቆ ራሱን የጠገነ ቀጭን መስመር አለበት። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ቆየች። «ከፈረስ ነው የሚለው እዚህ» አለች ወረቀቱን እያየች። «ከፈረስ የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ በትከሻው ነው፣ በእጁ ነው፣ በዳሌው ነው። እርካብ ከያዘው ይጠመዝዘዋል። ይሄ ግን ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ብሎ፣ በተረከዝ የተቀበለ ነው። ልምልልሽ አልችልም፤ ግን እንዲህ ዓይነቱን ከጣሪያ በወደቁ ግንበኞች ላይ አይቻለሁ። ሰው ቆሞ የሚወድቀው ሲዘል ነው። አንቺ ከየት ነው የዘለልሽው?»

ቤጊማይ ሳቅ ብላ፣ «ከፈረስ ነው እኮ፤ አባቴ ሁልጊዜ…» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። ዳሚራ ወንበሯን ሳበችና ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጋችኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እህቴ» አለችኝ። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ አማትሽም አይደለሁም። ፈረስ ፈረስ ስላሉ ነው ሰዎቹ ጅማትሽን ሲፈልጉ የኖሩት።»

«ከመስኮት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅምና አሁን አንቺም ስሚው። ያን ቀን ከልብስ ስፌት ትምህርት ስመለስ ኩባትና ጓደኞቹ መኪና ውስጥ ሲያስገቡኝ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ መጠለፌን አገር ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የማታውቂው። ተራራውን አሻግረው ናሪን ወሰዱኝ። የኩባት አገር ያንቺ የትውልድ አገር ጎረቤት አይደል? «የኛ አገር ብርድ እንጂ ዛፍ አያበቅልም፤ ፈረሳችንን የምናስረው ድንጋይ ላይ ነበር» ትይን የነበረውን ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጠው ነጩን የሙሽራ ሻሽ አመጡ። ያስሩልኛል፣ እጥለዋለሁ። ያስሩልኛል፣ እጥለዋለሁ። «ሁላችንም አልቅሰን ነው የገባነው፤ ነገ ትስቂበታለሽ» ይሉኛል። ፀጉሬ እስኪነቀል ታገልኩ። መጨረሻ ላይ ደከማቸውና በሩ ተከፈተልኝ።

ለካ የተከፈተው ለነገር ነው። የኩባት አያት፣ ያቺ መቶ ዓመት ያለፋት የምትመስል አሮጊት፣ ደፉ ላይ ተጋድማለች። ነጭ ሻሿን አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ። «ሂጂ ልጄ፣ ማን ያዘሽ? በላዬ ተራምደሽ ሂጂ። እርግማኔም ይከተልሽ፤ ማኅፀንሽም ይድረቅ» አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግቢው ይታያል፤ መንገዱ ይታያል። እማዬ፣ መሬት የወደቀ ዳቦ እንኳ እንዳልሻገር አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ። አሮጊት ሴት እንዴት ልሻገር? አልቻልኩም። እግሬን አንሥቼ መለስኩት። ባለጌ ብሆን ኖሮ በሁለት እግሬ ወጥቼ እሄድ ነበር።

ዞሬ በጓዳው መስኮት ዘለልኩ። ቤቱ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው፤ በፊት ለፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ በጓሮው ግን ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። መሬቱ በረዶ የበላው፣ ድንጋይ የሆነ መሬት ነበር። በእግሬ ነው ያረፍኩት። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው። ተሸክመው አስገቡኝ። ከዚያ ወዲያ ሻሹን ሲያስሩልኝ አልጣልኩትም፤ መቆም የማትችል ሙሽራ የት ትሄዳለች? አማቴ የሚስትነት ምልክት የሆኑትን ጉትቻዎች አደረገችልኝ። ወጌሻው ሳዲር መጥቶ እግሬን ጎትቶ፣ የበግ ላት ቀብቶ፣ ትኩስ የበግ ቆዳ አለበሰው። «ወለምታ ነው፤ በሠርጉ ሳምንት ትጨፍራለች» አላቸው። በመኪና ነው ያመጡኝ፤ ፈረሱን የፈጠረው ማን እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ስትመጪ ግን ፈረሱ ተወልዶ፣ ተጭኖ፣ እኔንም ጥሎኝ አገኘሽው።

አዎ፣ ከዚያ አንቺ መጣሽ። በሩ ሲከፈት ድምፅሽን ስሰማ፣ በቃ፣ ወጣሁ ብዬ ነበር። ለእንግዳ ክብር የሚያስሩልሽን ስካርፍ ሳትቀበዪ በቀጥታ ወደ እኔ መጣሽ። ስለ ፈረሱ ሲያወሩልሽ አልመለስሽላቸውም። ቆዳውን ገለጥሽና አውራ ጣትሽን ከቁርጭምጭሚቴ ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ጎን፣ አሳረፍሽው። ጮህኩ። «እዚህ» አልሽ። «የቱ ጋ ነው?» አላልሽኝም፤ «እዚህ» ነው ያልሽው። ከዚያ ፊትሽን ወደ ግድግዳው መለስሽና፣ «አባትሽ የይቅርታውን በግ ተቀብሏል። ድንጋይ በወደቀበት ይከብዳል ልጄ» አልሽኝ።

ተረቱን አውቀው ነበር፤ ለስንት ሙሽራ ሲባል ሰምቻለሁ። ካንቺ አፍ እሰማዋለሁ አላልኩም ነበር እንጂ። በዚያው በዘለልኩበት መስኮት ቁልቁለቱን በጎንሽ ስትወርጂ አየሁሽ። ዞር አላልሽም። አዝኜብሻለሁ እማዬ። ስንት በዓል መጥቼ እግርሽ ሥር ተቀምጬ፣ ሻይሽን ጠጥቼ፣ አንድም ቀን አልነገርኩሽም። አሁን ነገርኩሽ። ድንጋይ አይደለሁም። ድንጋይ አያመውም።

ይህን ሁሉ ለዳሚራ ስነግራት ቤጊማይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዷን ሰጠችኝና እሷም በጎኗ፣ ከእኔ እኩል፣ አንድ አንድ እያለች ወረደች። እዚያ ላይ ነው እኔ ያለቀስኩት።

ሰፈር ስንደርስ ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ እማዬን የጣላት ፈረስ ስሙ ማን ነበር?» አለችው። ሳቀ። ያንን የድግስ ሳቁን ነው የሳቀው፤ ቀልዱንም ጀመረው። እሷ አልሳቀችለትም። ቀልዱን መሃል ላይ ተወው። «እናትሽን አገናኚኝ» አለ። እጄን አወዛወዝኩላት፤ አልችልም አልኳት። አንቺ ዘንድ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ዓርብ የሚያመጣው በግ ስለ ድርቆሹ እንዳይመስልሽ።

ኩባት ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን እኔም እመሰክራለሁ። አልመታኝም። ክረምት ሲሆን ውኃ አሙቆ እግሬን ይነክርልኛል፤ ቦት ጫማዬን ራሱ ነው እየወጠረ የሚያሰፋልኝ። ስንት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያንን እግር ሲያሸው፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን «ይቅር በይኝ» ይላል ብዬ ራሱን ከላይ እያየሁ ጠብቄያለሁ። «ነገ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አብጧል» ይለኛል። በቃ። ከዚያ ድግስ ይመጣና ፈረሱ ይመጣል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጠልቼው ተገላግዬ ነበር።

የኦፕራሲዮኑ ሐኪም የነገረኝ እንዲህ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ገብተው የሞተውን ስባሪ ያወጣሉ፤ አጥንቱንም ደም እንዲያገኝና አዲስ ሽፋን እንዲያበቅል ጥቃቅን ቀዳዳ ይበሱታል። ከዚያ በክራንች ነው። አለመርገጥ፣ አለመሸከም፣ ማለብ የሚባል ነገር የለም። «ካልተሠራስ?» ብዬው፣ «መገጣጠሚያው ይፈርሳል፤ ያኔ አጥንቱን ከአጥንት ጋር አጣብቀን እናቆመዋለን፤ በዱላ ትሄጂያለሽ» አለኝ። ቤጊማይ የምታድረው ማደሪያ ክፍል ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር ነው፤ እዚያ መተኛት አልችልም። ናሪን ከተመለስኩ ደግሞ፣ ታውቂኛለሽ፣ ላሟ ስትጮህ እነሣለሁ። አስታማሚ ቢመጣም እኔው ነኝ ሻይ የማፈላለት።

ስለዚህ ታችኛዋን ክፍል ስጪኝ። አልጋው ቢሰበርም ግድ የለም፤ የሱፍ ምንጣፉ ላይ እተኛለሁ። የወጣች ልጅ ለእንግድነት እንጂ ለመቅረት አትመለስም እንደሚባል አውቃለሁ። ጉልባራ ወሬውን ለመንደሩ ስታዳርሰው ገና ከዚህ ይሰማኛል። «ልጅቷ ተመልሳ መጣች» ሲሉሽ አንገትሽን ትደፊያለሽ ብዬ እፈራለሁ። ግን ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም። ያኔ ዞር ሳትዪ ሄደሻል፤ አሁን አንዴ ዙሪልኝ።

ኩባት ሲመጣ አታሳፍሪው። ሻይ በወተት አፍዪለት፤ ትኩስ ቦርሶክ ጥበሺለት፤ ከእጅሽ የተጠበሰ ሊጥ ይወዳል። በጉን ግን አትቀበዪው። ፖስታው ውስጥ መሀረብ አለ፤ የተቋጠረውን ሳትፈቺ ስጪው። ምንም አትበይው። ሲነካው ያውቀዋል።

ፎቶውን ደግሞ አውጪና በመስኮቱ ብርሃን ያዢው። ዳሚራ ትንሽ ቀስት አድርጋበታለች። አውራ ጣትሽን ቀስቱ ጫፍ ላይ አሳርፊ። ሳዲር ያን ሁሉ አሽቶ አላገኘውም። የወረዳው ሐኪም አላገኘውም፤ ራጁም፣ ቀዝቃዛውን የቀባችኝም አላገኙትም። ያ ሁሉ ማሽን ጮኾ ጮኾ የደረሰበት ቦታ አንቺ ያን ቀን ሳትጠይቂ «እዚህ» ያልሽው ቦታ ነው። ጣትሽ ማን ነግሮት ነው እማዬ?

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺ በልጅነትሽ ከፖም ዛፍ ነው የወደቅሽው። በልጅነትሽ የነበርሽበት አገር ግን ፈረስ የሚታሰርበት ዛፍ የለውም። ፖም የምናውቀው በአባታችን ግቢ፣ አንቺ ሙሽራ ሆነሽ በገባሽበት ነው። ከዚያ ዛፍ በላይ ያለውን የሰገነት መስኮት፣ እኛ ሳንወለድ በሚስማር የተመታውን፣ ወንድሜ «ለምን አይከፈትም?» ሲልሽ «ነፋስ ይገባል» ብለሽናል። አባታችንን ነፍሱን ይማረው፤ እሱም ያኔ ቀና ብሎ አላየንም።

መልሱን አትጻፊልኝ። በስልክማ በጭራሽ። ግን ልትወስጂኝ ስትመጪ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ነይ፤ ዳሚራ ዘንድ ላንቺም ወረፋ ይዤልሻለሁ። ምንም አያምም፤ ይጮኻል እንጂ። ቀስ ብላ ነው የምትጠይቅሽ። ስትጠይቅሽ፣ እባክሽ እማዬ፣ የፖም ዛፍ እንዳትያት።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ሳልሽን ይውሰደው፤ የቀይዋን ላም ጥጃ በሰላም ያሳይሽ። እግርሽ ወደ ወደደው ይውሰድሽ። ደፍሽ ላይ ማንም አይጋደምብሽ።

በር በሩን የምታይ፣
ልጅሽ።